«ቢታይ ጥሩ ነበር»፦ በሥራ ቦታ ቻት ውስጥ የሚሰወሩ ማስጠንቀቂያዎች

በሥራ ቦታ ስለሚጻፉ ፈጣን መልእክቶች የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የጨዋነት ክርክር ነው። አንዱ ወገን በስላክ፣ በቲምስ ወይም በቴሌግራም የሚጻፈው ልቅ ቋንቋ ሥራን ያቃልላል ይላል። ሌላው ወገን ሰላምታና ማዕረግ የበዛበት ጽሑፍ ጊዜ ይበላል፣ አለቃንና ሠራተኛንም ያራርቃል ይላል። ሁለቱም በከፊል ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ክርክሩ በጨዋነት ላይ ብቻ እስከቆመ ድረስ ዋናው ጥያቄ ይዘለላል፦ አንድ ሠራተኛ አደጋ ሲታየው፣ ያየውን ነገር መወሰን ለሚችለው ሰው በሚደርስ ቋንቋ ይጽፈዋል ወይ?

ይህ ጥያቄ ከአገር ውጭ ለምንሠራ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለት ፊት አለው። እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው፤ ከሥራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ እዚህ፣ ግማሾቹ አዲስ አበባ ናቸው። ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። በእንግሊዝኛው ቡድን የመምሪያው ኃላፊ በስሙ ይጠራል፣ ይቀለድበታልም። በአማርኛው ቡድን ግን ሃያ ዓመት ለሚበልጡኝ መሐንዲስ «ጋሼ» ብዬ ሳልጀምር አልጽፍም። ብዙዎች የመጀመሪያውን ነፃነት፣ ሁለተኛውን እስራት ይሉታል። እኔ ግን ሁለቱም የየራሳቸው መደበቂያ እንዳላቸው፣ በሁለቱም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እንደሚደበቅ ማሳየት እፈልጋለሁ።

ግሡ ሰውን ሲሸሽ

እንግሊዝኛ «ዩ» በምትባል አንዲት ቃል ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሚኒስትር ሁሉንም ይጠራል። አማርኛ እንዲህ ያለ ገለልተኛ መጠሪያ የለውም። ተውላጠ ስሙን ብንተወው እንኳ ግሡ ያጋልጠናል፤ «ላክልኝ»፣ «ላኪልኝ»፣ «ይላኩልኝ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ ፋይል መጠየቅ ያስቸግራል። የተቀባዩ ፎቶ በሌለበት፣ ስሙም እንደ «ደስታ» ለወንድም ለሴትም የሚሆን ሲሆን ምርጫው ቁማር ይሆናል።

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች የአክብሮትና የቅርበት ተውላጠ ስሞች አመራረጥ በሁለት ነገሮች እንደሚመራ አሳይተዋል፤ በሥልጣንና በአጋርነት። ከሥልጣን ወደ አጋርነት የተደረገው ሽግግር ጎልቶ የታየው በስዊድን ነው። እዚያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ዱ» የሚለው የቅርበት መጠሪያ የሁሉም መጠሪያ ሆነ። የለውጡ ምልክት ተደርገው የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1967 የአገሪቱን የሕክምና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት መምራት የጀመሩት ብሮር ሬክሴድ ናቸው፤ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» እንደሚሉ አስታወቁ። ልብ ማለት የሚገባን ፈቃዱ ከማን እንደመጣ ነው። የበታች ሠራተኛ ቅርበትን በራሱ ሥልጣን አይወስድም፤ የበላዩ ሲሰጠው ብቻ ይቀበላል።

ፈቃዱ ሳይሰጥ ሲቀር አማርኛ ጸሐፊ ሁለት መሸሻ ያገኛል። አንደኛው እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ከ«አንተ» እና ከ«እርስዎ» ላለመምረጥ ሲሉ ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻጻፋሉ። ሁለተኛው ሰው አልባው ግሥ ነው፦ «ፋይሉ ቢላክ»፣ «ቁጥሩ ቢታይ ጥሩ ነው»፣ «ቢታሰብበት»። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ማንም አልተደፈረም። ማንም ግን አልተጠራም። ማን ይላክ፣ ማን ይይ፣ ማን ያስብ የሚለው ባዶ ቀርቷል።

አንድ ሰንጠረዥ፣ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሳተፍበት አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት፣ አጋር ድርጅት ባዘጋጀው የኤክሴል ሰንጠረዥ ውስጥ የሁለት ወረዳዎች ተረጂዎች ሁለት ጊዜ ተቆጥረው ተገኙ። ጠቅላላው አቅርቦት የተወሰነ ስለነበር፣ ለሁለቱ ወረዳዎች በብልጫ የተላከው ከሌሎቹ ድርሻ ተቀንሶ ነበር። ስህተቱ እስኪታረም ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጎደለባቸው ቤተሰቦች ስለ ሰንጠረዡ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ነገሩ እንዴት ሊያልፍ እንደቻለ እንዳጣራ ተመደብኩና የአራት ወር የቻት መዝገብ ተሰጠኝ።

ያገኘሁት ቸልተኝነት አልነበረም። ስህተቱ ከመከሰቱ በፊት ሁለት ጊዜ ተነግሮ ነበር። በአማርኛው ቡድን አንዲት ወጣት የመረጃ ባለሙያ እንዲህ ጽፋለች፦ «የወረዳዎቹ ቁጥር እንደገና ቢታይ ጥሩ ነበር። ካስቸገርኩ ይቅርታ።» ሦስት ሰዎች የአውራ ጣት ምልክት አደረጉላት፤ የትኞቹ ወረዳዎች እንደሆኑ የጠየቃት ግን አልነበረም። በእንግሊዝኛው ቡድን ደግሞ አንድ ባልደረባ፣ ይህ ሰንጠረዥ ሌሊት ሌሊት ወረዳ ሳይወልድ አይቀርም የሚል ቀልድ ጣል አድርጎ ነበር። ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ ተደረደረ። ቀልዱ ትክክለኛ ምርመራ ነበር፤ ሰንጠረዡ በእርግጥም ወረዳ እየወለደ ነበር።

ሁለቱንም አነጋገርኳቸው። ወጣቷ «ተናግሬ ነበር» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የቡድኑ መሪ ደግሞ መልእክቷን ማንበባቸውን አልካዱም፤ «አስተያየት መሰለኝ እንጂ ችግር አልመሰለኝም» አሉኝ፤ እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ቀልደኛው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሁሉም የሚያውቀው መስሎት ነበር። አንዷ በትህትና፣ ሌላው በቀልድ ያወቁትን አወጡ። ሁለቱም ከተናገሩ በኋላ ሸክሙ ከራሳቸው የወረደ መሰላቸው፤ ወደ ማን እንደተላለፈ ግን መዝገቡ አያሳይም።

ቀልዱ የተጻፈበት፣ እውነቱ ያልተጻፈበት

ይህ የአነስተኛ ፕሮጀክት ችግር ብቻ አይደለም። በእጅጉ የሚቀርበን ምሳሌ የቦይንግ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ 737 ማክስ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በጥር 2020 ቦይንግ ከመቶ ገጽ በላይ የሆኑ የሠራተኞቹን የውስጥ መልእክቶች ለሕዝብ ይፋ አደረገ።

በ2017 በተጻፈ አንድ መልእክት አውሮፕላኑ በሰርከስ አሳቂዎች የተነደፈ፣ አሳቂዎቹም በጦጣዎች የሚመሩ ተብሎ ተቀልዷል። ከመጀመሪያው አደጋ ወራት አስቀድሞ፣ በየካቲት 2018፣ አንድ ሠራተኛ በማክስ ሲሙሌተር የሠለጠነ አብራሪ በሚያበረው አውሮፕላን ቤተሰብህን ታሳፍራለህ ወይ ብሎ ባልደረባውን ይጠይቃል፤ እኔ አላሳፍርም ይላል። የባልደረባው መልስም አላሳፍርም ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መልእክቶች አብዛኞቹ የሚመለከቱት ሲሙሌተሮችንና የአብራሪዎችን ሥልጠና ነው፤ ለሁለቱ አደጋዎች ምክንያት የሆነውን የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት በቀጥታ አይገልጹም። በቻት መልእክቱ ምክንያት የተከሰሰው የቀድሞ ዋና የቴክኒክ አብራሪም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በቴክሳስ በዳኞች ነፃ ተብሏል። ቻት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ የቀልድና የቁም ነገር ድንበር ምን ያህል አከራካሪ እንደሆነ ይህም ያሳያል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኩባንያው መልእክቶቹን ይፋ ሲያደርግ ይቅርታ ጠይቆ፣ በመልእክቶቹ ውስጥ ያለው ቋንቋ ከእሴቶቹ ጋር እንደማይጣጣም ገልጿል። ቋንቋው በእርግጥ ጸያፍ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሠራተኞች በተጣራ ቋንቋ ቢጽፉ ኖሮ ምን እናገኝ ነበር? ምናልባት ምንም። ለተቆጣጣሪና ለደንበኛ የሚላከው ሰነድ በጨዋ ቋንቋ ተጽፎ ሲያልፍ፣ ጥርጣሬው የተረፈው በስድብና በቀልድ ውስጥ ብቻ ነው። ችግሩ ሰዎች መቀለዳቸው ሳይሆን፣ ከቀልዱ ወደ ሰነዱ የሚያሻግር ድልድይ አለመኖሩ ነው።

መዝገብ መያዝና መስማት

የመንግሥታት ምላሽ እስካሁን በአብዛኛው መዝገብን የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የአሜሪካ የዋስትናና ልውውጥ ኮሚሽን በ16 የዎል ስትሪት ድርጅቶች ላይ በድምሩ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ጣለ፤ ሠራተኞቻቸው በግል ስልካቸው የተጻጻፏቸውን የሥራ መልእክቶች ባለመያዛቸው ነበር። ዓላማው ተገቢ ነው፤ መልእክቱ ከጠፋ ምርመራ አይኖርም። ሆኖም መዝገብ የሚናገረው ከአደጋ በኋላ ነው። እኔ ያነበብኩት የቻት መዝገብ አንድም ቃል አልጎደለውም ነበር፤ ለተጎዱት ቤተሰቦች ግን አልጠቀመም። ከዚህም በላይ ሁሉም ነገር እንደሚመዘገብ የሚያውቅ ሠራተኛ ቀልዱን ትቶ እውነቱን አይጽፍም። ሁለቱንም ይተዋል።

ስለዚህ ቡድን ለምትመሩ አንባቢዎች ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ፈቃዱን የበላዩ በግልጽ ይስጥ። «እዚህ ቡድን ውስጥ ችግር ያየ ሰው ያለ መግቢያና ያለ ይቅርታ ይጻፍ» የሚል አንድ መልእክት ከመሪው ሲመጣ ከመቶ የሥልጠና ገጽ ይበልጣል። መሪው ራሱ በአጭር ቋንቋ እየጻፈ ከበታቾቹ መግቢያ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ልቅነቱ የሥልጣን ሌላ መልክ ነው እንጂ እኩልነት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ማስጠንቀቂያ ባለቤት ይኑረው፦ ምን አየሁ፣ ምን ይከተላል፣ ማን እስከ መቼ ይወስን። ይህ አክብሮትን አይነካም። «ጋሼ፣ የሁለቱ ወረዳዎች ቁጥር ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ እስከ ሐሙስ እርስዎ ካልወሰኑ እህሉ ለሌሎቹ ይጎድላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፍጹም ጨዋ ነው። እንዲያውም «እርስዎ» ሰውን ይጠራል፣ ኃላፊነትንም በእጁ ያስቀምጣል። ከአክብሮት የራቀው «ቢታይ» ነው፤ ማንንም አይጠራምና። አማርኛ ለማስጠንቀቅ አቅም ያንሰዋል የሚሉ ሰዎች የቋንቋውን አክብሮት ከእኛ ሽሽት ጋር እያምታቱት ነው።

ሦስተኛው የአንባቢው ድርሻ ነው። ስለ ሥራው የተቀለደ ቀልድ ሲደጋገም ኃላፊው «ሳቅንበት፤ ግን ያየኸው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ የቻቱን ጨዋታ ይገድላል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ጥያቄው በቅጣት ድምፅ ከመጣ ይገድለዋል፤ በእውነተኛ ጉጉት ከመጣ ግን ቀልደኛው ብዙ ጊዜ ሲጠብቀው የኖረው ጥያቄ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችሁን ቻት ስትከፍቱ አንድ ቀላል ፍተሻ አድርጉ። «ቢታይ»፣ «ቢታሰብበት»፣ «ቢጣራ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ፤ በእንግሊዝኛው በኩል ደግሞ ብዙ ሳቅ ያገኙትን መልእክቶች ተመልከቱ። ከእነዚያ ውስጥ ስንቶቹ «የትኛው?» ወይም «ማን ይየው?» የሚል መልስ እንዳገኙ ቁጠሩ። መልስ ያላገኙትን ለላኪዎቻቸው መልሳችሁ አንብቡላቸውና ምን ማለታቸው እንደነበረ ጠይቁ።