የወር መርፌ

ታናሽ እህቴ «አሁንስ ድኛለሁ፣ አልሄድም» ያለችኝ በቀጠሮዋ ዋዜማ ነው። እውነቷን ነው፤ ደረጃ ስትወጣ አታለከልክም፣ ጉልበቷም አያብጥም። ታዲያ ደህና ለሆነ ሰው በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት ምን ይሉታል? መርፌው እንደሆነ ቀላል አይደለም። ወፍራም ነው፤ 12 መቶ ሺህ ዩኒቱን በተወጋች ቁጥር ሁለት ቀን እያነከሰች ነው የምትሄደው።

እኔም ጋዜጠኛ ልሆን ነው ባይ፣ የማሳመኛ ንግግር አዘጋጀሁ። የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ሲመላለስ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የልብ ቫልቭ እንደሚያጠቃ፣ መርፌው የተበላሸውን ባይጠግንም ሌላ ጉዳት እንዳይጨመርበት እንደሚከላከል፣ የደህንነት ስሜት ደግሞ እንደሚያታልል ዘረዘርኩላት። «ይሄን ሁሉ ዶክተሩ ነግሮኛል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አፈርኩ።

ምክንያቱን ማታ ለእማዬ ስትነግራት ሰማሁ። ባለፈው ወር ብቻዋን ነበር የሄደችው። እኔ ፈተና አለብኝ ብዬ ቀርቻለሁ (እውነቱን ለመናገር ኳስ እያየሁ ነበር)። ሁልጊዜ ወረፋው ላይ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ አልመጣችም። የት እንደደረሰች የሚያውቅም አልነበረም።

ጠዋት ስብከቱን ተውኩት። «ተነሺ፣ አብረን ነው የምንሄደው። ስንመለስ ሳምቡሳ እገዛልሻለሁ» አልኳት።

«ሁለት» አለች።

ታክሲ ውስጥ ትንፍሽ አላለችም። ስንደርስ ልጅቷ አልነበረችም። እህቴ ካርዷን ሰጥታ የተለመደው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በቦርሳዋ ያዘችላት። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ።