ስለ አሮጌ አውቶሞቢል መቀመጫ

ያረጀን ዕቃ ለማደስ የሚነሣ ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል፤ አንደኛው የዕቃውን የጥንት መልክ መጠበቅ፥ ሁለተኛው የሚገለገልበትን ሰው ደኅንነት ማሰብ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ሥራው ቀላል ነው፤ ሲጣሉ ግን ማስተዋልን ይጠይቃል።

በእንግሊዝ አገር ስኖር የያዝሁት ጣራው የሚታጠፍ የስፖርት አውቶሞቢል ኤም ጂ ቢ ይባላል። ይህ ዐይነት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ዓመት በአቢንግደን ከተማ ይሠራ ነበር፤ የእኔው የ1965 ሥራ ነው። የመቀመጫው ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ስፖንጁ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ ሐዲዱ የሚያርፍባቸው እንጨቶችም በእርጥበት በስብሰዋል። ይህ ሁሉ ይታደሳል። ያሳሰበኝ ግን ጀርባው አጭር መሆኑና የራስ መደገፊያ የሌለው መሆኑ ነበር።

አውቶሞቢል ከኋላው በተመታ ጊዜ መቀመጫው ደረትንና ትከሻን ወደ ፊት ይገፋል፤ ራስ ግን ባለበት ሊቀር ስለሚፈልግ አንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል። በአሜሪካ አገር ከ1969 ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ አዳዲስ አውቶሞቢሎች የፊት መቀመጫቸው የራስ መደገፊያ እንዲኖረው በሕግ የታዘዘው ስለዚህ ነው። ባለቤቴ አስቀድሞ የአንገት ሕመም አለባት፤ ሁልጊዜም በአጠገቤ የምትቀመጥ እርስዋ ናትና ነገሩ የእኔ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ምርጫዎቹን መረመርን። ለእሽቅድምድም የተሠራው መቀመጫ ጎንን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ለመግባትና ለመውጣት ያስቸግራል። በ1989 ዓመት ከወጣው ከማዝዳ ኤም ኤክስ ፋይቭ የሚወሰደውን መቀመጫ ብዙዎች ይወዱታል፤ ጠባብ ስለ ሆነ በበሩና በካምቢዮው ጉብታ መካከል ይገባል፥ ጀርባውም እስከ ራስ ይደርሳል። ዳሩ ግን ሐዲዱን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ከፍ ብሎ ከታሰረም የረዥም ሰው ጉልበት ከመሪው ጋር ይጋጫል። ሦስተኛው ኋላ ከተሠሩት ከኤም ጂ ቢ አውቶሞቢሎች የሚገኘው ባለ ራስ መደገፊያ መቀመጫ ነው።

እኔ የጥንቱን መልክ ስለምወድ ጥቂት አመነታሁ። ባለቤቴ ግን በእያንዳንዱ ላይ ተቀምጣ ከፈተነች በኋላ፥ «ውበቱን ከውጭ የሚያየው መንገደኛ ነው፤ ውስጥ የምንቀመጠው እኛ ነን» አለችኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም።

ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥን። መደገፊያውንም ከአንገት ሥር ሳይሆን ከራስ ኋላ ትይዩ አድርገን፥ በተቻለ መጠን ወደ ራስ አቀረብነው፤ ዝቅ ብሎ የተተወ መደገፊያ ጥቅሙ ጥቂት ነውና። አሮጌዎቹን መቀመጫዎች ግን አልጣልኋቸውም፤ ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው ሊያድሳቸው ቢወድ፥ ጠቅልዬ በደረቅ ስፍራ አስቀምጫቸዋለሁ።

ይህን በማድረጌ የሠሪዎቹን ሥራ ያፈረስሁ አይመስለኝም። እነርሱ ራሳቸው ዘመኑ ባስተማራቸው ጊዜ የራስ መደገፊያ ጨምረውበታልና፤ እኔም የተከተልሁት የእነርሱን እጅ ነው።