ጭሱ በላያችን ነው ወይስ እየተነፈስነው?

በጁን 2023 የካናዳዋ ኩቤክ ደን ቃጠሎ ጭስ ኒውዮርክን ብርቱካናማ አድርጎ ወደ እኛ ወደ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ሲወርድ፣ ስልካችን በሳተላይት ፎቶ ተጥለቅልቆ ነበር። በየግሩፑ «እዩ፣ መጣብን!» ነው። ፎቶው ሐሰት አልነበረም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁላችንም ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ማንበባችን ነው።

ጎዝ 16 የሚባለው ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ያኔ ሁልጊዜ አንድ አካባቢን ያይ ነበር፤ አሜሪካን በየ5 ደቂቃው ያነሳ ነበር። የዚያን ሰሞን ምስሎች አከታትላችሁ ብታዩዋቸው ይደንቃል። ከደኑ ላይ ቀጫጭን የጭስ መስመሮች ይነሳሉ፣ በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቀመጠው ዝቅተኛ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ደቡብ ይስባቸዋል፣ ከዚያ ተቀላቅለው አንድ ሰፊ ግራጫ ይሆናሉ። ደመናው ነጭና ጠርዙ የለየ ነው፤ በጭሱ ሥር ግን ወንዙና ከተማው ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ጠዋትና አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ጭሱ ጎልቶ ይወጣል። ቀትር ላይ ያው ጭስ ምንም ሳይቀንስ የሳሳ ይመስላል፤ «ተመስገን፣ ለቀቀን» የሚል መልእክት የሚመጣውም ያኔ ነው። ማታ ደግሞ ሳተላይቱ በሙቀት ጨረር ስለሚያይ እሳቱን ያገኘዋል፣ ጭሱን ግን አልፎት ያያል።

ዋናው ችግር ከፍታው ነው። ፎቶው ከላይ ወደ ታች የተነሳ ስለሆነ፣ በ5 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፈውና መስኮታችን ሥር ያለው ጭስ ተደራርበው አንድ ይሆናሉ። በዚያው ወር መጨረሻ ጭሱ አትላንቲክን ተሻግሮ አውሮፓ ሲደርስ ሰማዩን አደበዘዘ እንጂ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ያን ያህል አልነካውም። ጁን 8 ዋሽንግተን ላይ ግን መሬት ነክቶ ነበር፤ የአየር ጥራት መለኪያው እጅግ ጎጂ አየርን የሚያመለክተው ወይን ጠጅ ቀለም ውስጥ ገባ። ይህን የነገረን መሬት ላይ የቆመ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ የሚለካ መሣሪያ ነው። ስለዚህ አስም ያለበት ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ፎቶውን ከመላካችሁ በፊት ኤርናው በሚባለው የአየር ጥራት ድረ ገጽ ላይ ያለውን የእሳትና የጭስ ካርታ ክፈቱ። የሳተላይቱን የጭስ ወሰንና የመሬቱን ቁጥር አብሮ ያሳያል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ልጁን ቤት አስገቡ፣ መውጣት ግድ ከሆነም ኤን95 ማስክ ይደረግ።

ይህ ምክር የሚሠራው እዚህ አሜሪካ ነው። ወደ አገር ቤት ስንዞር ግን፣ በበጋ፣ ሣሩ ሲቃጠል፣ የናሳ የእሳት ካርታ ላይ ጋምቤላና ደቡብ ሱዳን በቀይ ነጥብ ይሞላሉ። አንዱ ነጥብ ጎኑ 375 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ካሬ ውስጥ ትኩስ ነገር ታየ ማለት እንጂ ያ ሁሉ መሬት ነደደ ማለት አይደለም። ብናኙን የሚለካ መሣሪያ ግን በዚያ አካባቢ ከስንት አንድ ነው። ጋምቤላ ላሉ ዘመዶቼ «ቁጥሩን እዩ» ማለት አልችልም፤ የትኛውን ቁጥር?