ሰኔን አሳለፍኳት

ሰቆጣ አካባቢ ባለችው ዝቋላ ሰኔ ካመለጠች አመለጠች ነው። ጎጃም ቢሆን ሐምሌ ይክሳል፣ ነሐሴ ይክሳል። እኛ ቆላ ግን ዝናቡ ለጥቂት ሳምንት ብቅ ብሎ ቡሄን ሳይሻገር ጥሎን የሚሄድበት ዓመት ብዙ ነው። ለዚህ እንግዳ አልነበርኩም፤ ተከዜን እያየሁ ነው ያደግሁት። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ለቅቄ ከፅፅቃ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን ከርሜ ነበር። ግንቦት አጋማሽ ላይ እናቴ አሥራ ሁለት የፓፓያ ችግኝ አምጥታ ከጎተራው ጥላ ሥር ደረደረች። «ልጄ፣ ጉድጓዱን ከአሁኑ ቆፍርልኝ፤ አፈሩን ፀሐይ ይምታው» አለችኝ። ወገቧ ዶማ አያስነሳትም።

ሥራው ይታወቃል። ክንድ ከስንዝር ጠልቆ መቆፈር፣ የላዩን አፈር ለብቻ የታቹን ለብቻ ማውጣት፣ የላዩን ከበሰበሰ የፍየል በጠጥ ጋር አዋሕዶ መመለስ፣ በቁልቁለቱ በኩል ጎርፍ የሚይዝ ግማሽ ጨረቃ ክትር መሥራት። ፓፓያ አበባ እስክታወጣ ወንድና ሴቷ አይለይም፤ ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት ሦስት ተተክሎ ኋላ ወንዱ ይነቀላል። አሥራ ሁለቱ ችግኝ የፈለገው አራት ጉድጓድ ነው። አራት! የሁለት ጠዋት ሥራ።

«ነገ» አልኳት። ሰቆጣ ወጣሁ፤ ሠርግ ነበር፣ ጓደኛ ነበር፣ ወሬ ነበር። ወር ሙሉ ነገ አልኳት። አልነዘነዘችኝም። ማታ ማታ የእጅ እጣቢ እያጠራቀመች ችግኞቹ ያሉበትን ላስቲክ ታጠጣ ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ሌሊት ወረደ። እናቴ በር ላይ ቆማ ጎርፉ በግቢው መሃል አልፎ ገደል ሲገባ አየችው። የሚይዘው ጉድጓድ አልነበረም።

እኔ ዶማ ያነሳሁት ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው። ድንጋዩ ዶማውን ሲመልስብኝ ክንድ ከስንዝር መሆን የነበረበትን ስንዝር ላይ ተውኩት። በጠጡም አልበሰበሰም፤ ማን ቀድሞ አዘጋጀው? ላስቲኩን ስቀድደው ሥሩ መሄጃ አጥቶ ከታች እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። አየሁት፤ አይቼም ተከልኩት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰማዩ ጠራ። ለመስቀል ቅጠሎቹ አመድ መስለው ነበር።

ከዚያው ችግኝ የወሰደችው ጎረቤታችን ጉድጓዷን በግንቦት ቆፍራ ነበር። በዓመቱ ፓፓያው ግንዱን ከብቦ ተንዠረገገ። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ምግብ ጀምራ ስለነበር ሴትየዋ እየቆረጠች ትልክላት ነበር። ልጅቱ አገጯ ድረስ ብርቱካንማ ሆና ስትስቅ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ የሰው ፓፓያ ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ለማስቀረት የገባው ቃል የተጠራው በከተማችን ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ስለዚያ ቃል ኪዳን ሰቆጣ ቡና ቤት ተቀምጬ ስንት ሰዓት ተከራክሬያለሁ! ያንኑ ወር ነው፤ ያንኑ ችግኞቹ ጥላ ሥር የሚጠብቁኝን ወር።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ደውዬ፣ እመጣለሁ፣ ጉድጓዱን እኔ እቆፍረዋለሁ አልኳት።

«ተቆፍሮ አልቋል» አለችኝ።

ማን ቆፈረው ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘልኝም።