ሁለተኛው አስተርጓሚ

ስኩዊድ ጌም በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሲወጣ፣ ኮሪያኛ የሚችሉ ሰዎች «የእንግሊዝኛው ትርጉም ንግግሩን አበላሽቶታል» ብለው ኢንተርኔት ላይ ተንጫጩ። እኛ ያኔ ዲላ፣ አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ እናይ ነበር። ጓደኞቼ «ተሸወድን!» ብለው ተናደዱ። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ የባሰ ሠርቼ አውቃለሁ።

ያደግኩት ጌዴኦ ዞን፣ ጌዴብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ ነው። የቀበሌያችንን ስም ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቀውም፤ ውጭ አገር ግን የቡና ከረጢት ላይ ተጽፎ ይሸጣል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አዲስ አበባ ያሉ ብዙ የኪነ ጥበብ ሰዎች የአገር ውስጥ ድራማን ይገድላል፣ ባህል ያበላሻል ብለው ተቃወሙ። እኛ ቤት ዲሽ የተተከለው በቀጣዩ የቡና ምርት ብር ነው። የኛ ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ቱርኮቹ አማርኛ ያወራሉ፤ አያቴ ግን የምትሰማው ጌዴኡፋ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አማርኛ የሆነው ቱርክኛ፣ እኛ ቤት ምድጃ ዳር እንደገና ጌዴኡፋ ይሆናል። አስተርጓሚው እኔ፣ የ13 ዓመት ልጅ። «ሆልዲንግ» የሚሉትን «ትልቅ የቡና ነጋዴ» አደረግኩት። ሲሳሳሙ «ተሰነባበቱ» እላለሁ። ቱርኮች ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲመጣ ሙሽሪት ቡና ታፈላለች፤ ለሙሽራው ስኒ ጨው ጨምራ ትፈትነዋለች። አያቴ ይሄን ስትሰማ ግራ ገባት። «ጨው ምኑ ነው ፈተና? እኔስ ስንት ዓመት በጨው ስጠጣ!»

2010 ዓ.ም. ላይ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሳው ግጭት መቶ ሺዎች ተፈናቀሉ፤ ጌዴብም በተፈናቃይ ሞላች። እኛም ቤት የእናቴ ዘመድ ከሦስት ልጆቿ ጋር መጣች። ቀን እንጨት ትለቅማለች፣ ቆጮ ትጋግራለች። ማታ ከኛ ጋር ቲቪ ፊት ትቀመጣለች፤ ግን አታወራም።

አንድ ማታ አንዷ ገጸ ባሕርይ ቤቷ ተቃጥሎ፣ ልጇን አቅፋ መንገድ ላይ ቆማለች። በአማርኛ ያለችው «ከእንግዲህ ቤት የለኝም፣ አልመለስም» ነው። አያቴ እንደተለመደው «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አፌ ተያዘ። ከዚያ «ክረምቱ ሲያልፍ እመለሳለሁ አለች» አልኩ።

እንግዳችን ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ገበያ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፣ አማርኛ ከኔ እኩል ትሰማለች። የምትቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ወደ አያቴ ዞረችና፣ «አዎ፣ እንደዛ ነው ያለችው» አለች። ከመጣች ጀምሮ ቲቪ ፊት የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር።

ከዚያ ማታ በኋላ አብረን መተርጎም ጀመርን። እኔ የወንዶቹን፣ እሷ የሴቶቹን። እሷማ ከኔ የባሰች ዋሾ ሆና አረፈችው። ክፉዋን አማት እንዴት አድርጋ እንደምታሰድባት! ልጆቿ እየሳቁ ይተኛሉ።

በኋላ ወደ ቀዬዋ ተመለሰች። ቤቷን እንደ አዲስ ነው የሠራችው፤ የአባቴ ወንድሞች እንጨት ተሸክመው ሄደው ነበር።

«ትርጉም ድራማ ባህል ያበላሻል» የሚል ክርክር ዛሬም ስሰማ መልስ የለኝም። ምናልባት ያበላሽ ይሆናል። እኛ ግን በዚያ ክረምት ስለራሳችን ማውራት ሲያቅተን፣ የማናውቃቸውን ቱርኮች ተውሰን አወራን።

ባለፈው ገና ቤት ስሄድ ያቺ ሴትዮ በእውነት ምን ብላ እንደነበር ለአያቴ ነገርኳት። አልደነቃትም። «ፊቷን እያየሁ እኮ ነበር» አለች። ከዚያ ሪሞቱን አቀበለችኝና ወደ ቲቪው ዞረች።

«ዛሬስ ምን እያሉ ነው?»