ሊድና እርሳስ

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ የተበላሸ ራዲዮና ስልክ የሚጠግን ወጣት አይታጣም። እኛ መምህራን ብዙዎቹን በተማሪነት እናውቃቸዋለን። በክፍል ውስጥ ዝምተኛ የነበረው ልጅ ካውያ ሲጨብጥ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ አጫጭሮቹ ሬዚስተሮች አስቀድመው፣ ረጃጅሞቹ ካፓሲተሮች ኋላ ይሰካሉ። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያለው ካፓሲተር ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል። ካውያው የዕቃውን እግርና የቦርዱን መዳብ አንድ ላይ ያሞቃል፤ ሊድ የሚባለው የመበየጃ ሽቦም በጋለው መጋጠሚያ ላይ ይቀልጣል። በዚህ ሙያ ቤተሰቡን የሚረዳ ልጅ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። አንድ ጊዜ ከተማሪያችን ቤት ገብተን ካውያው ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ታናሽ እህቱም የሊድ ፍርፋሪ ከወለሉ ስትለቅም አይተናል። እናቲቱ «እርሳስ አለበት» ስንላቸው የደብተሩ እርሳስ መሰላቸው። የተማሪ እርሳስ ግን ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ግራፋይት ነው። መርዛማው ማዕድን ያለው በሊዱ ውስጥ ነው። በተለመደው ዓይነት ከ100 እጅ 60ው ቆርቆሮ፣ 40ው እርሳስ ነው።

ሰው የሚፈራው ጢሱን ነው። ጢሱ በአብዛኛው ከሙጫው የሚወጣ ሲሆን አስም ሊያስከትል ይችላልና መስኮት መክፈት ይበጃል። እርሳሱ ግን በዚያ ሙቀት አይተንም፤ የሚገባው በእጅና በአፍ ነው። ጣት ላይ የቀረው ከእንጀራው ጋር ይጎረሳል። ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚሆን እርሳስ ወደ ሰውነቱ ያስገባል፤ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለ አእምሮው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአብዛኞቹ አዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ እርሳስን ገድቧል። ወደ ጠጋኙ የሚመጡት አሮጌ ራዲዮዎች ግን ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው።

ስለዚህ ልጁን ሙያውን አንከልክለው፤ ሕፃናት የማይደርሱበት ጥግ እንስጠው። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውል፤ የሥራ ልብሱን ለይቶ ያስቀምጥ። በመድረሳ ሳለን ከሁሉ አስቀድመን የተማርነው ንጽሕናን ነው። ከዚህ ሥራ ተነሥቶ ወደ ማዕድ ለሚቀርብ ልጅ ግን ውኃ ብቻ አይበቃውም፤ ሳሙና ይጨመርበት።