ሁለት መስኮቶች፣ አንድ መልስ፦ ስለ መረጃ ቋት ግንኙነት

የመመረቂያ ጥናቷን በማጠናቀቅ ላይ የነበረች አንዲት ተማሪ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በላፕቶፗ ላይ ሁለት ጥቋቁር መስኮቶች ከፍታ ትሠራ ነበር። በሁለቱም የከፈተችው ፒኤስኪውኤልን፣ ማለትም የፖስትግሬስኪውኤልን የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ነው። አንደኛው መስኮት በራሷ ላፕቶፕ ካለው የሙከራ ቅጂ ጋር የተገናኘ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ መረጃ ሰብሳቢዎች የመስክ መጠይቆችን በየዕለቱ ከሚያስገቡበት ሰርቨር ጋር ተገናኝቷል። የሁለቱ ቋቶች ስም አንድ ነው፤ የተጠቃሚዋም ስም እንዲሁ። ፕሮግራሙ በነባሪ አሠራሩ ከጠቋሚው በፊት የሚያሳየው የቋቱን ስም ብቻ በመሆኑ፣ መስኮቶቹ እንደ መንታ ይመሳሰሉ ነበር።

ዓላማዋ በሙከራ ቅጂው ውስጥ ያለውን የመልሶች ሠንጠረዥ ባዶ አድርጋ እንደገና መሙላት ነበር። ጥንቃቄ አልጎደላትም። አስቀድማ «ኮንኢንፎ» የተባለውን ትእዛዝ ሰጠች። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው 9.1 እትም ጀምሮ ያለው ይህ ትእዛዝ የቋቱን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ የአስተናጋጁን ኮምፒውተር ስምና የፖርቱን ቁጥር ይገልጻል። የአስተናጋጁ ስም «ሎካልሆስት»፣ ማለትም ይኸው ኮምፒውተር፣ የሚል ነበር። ተረጋግታ ሰረዘች። ተሰረዙ ተብለው የተቈጠሩት መዝገቦች ግን ባለፈው ሳምንት ከገለበጠቻቸው ይበልጡ ነበር። ስሕተቷ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ትእዛዙ አልዋሸም። ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘችው በኤስኤስኤች ዋሻ ሲሆን፣ ዋሻው የላፕቶፑን ፖርት 5433 ከሰርቨሩ ፖርት 5432 ጋር ያያይዛል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የዋሻውን የቅርብ አፍ ብቻ ስለሆነ ያንኑ ተናገረ። የሁለቱን መስኮቶች ምላሽ የሚለየው በፖርቱ ቁጥር መጨረሻ ያለችው አንዲት አኃዝ ነበረች፤ ተማሪዋ ስሙን እንጂ ቁጥሩን አላስተዋለችም። ሰርቨሩን ራሱን አድራሻውን ብትጠይቀው እንኳ አይበጃትም ነበር። ዋሻው በሩቁ ጫፍ የሚገባው በሰርቨሩ በራሱ ሎካልሆስት በኩል ነውና፣ ሁለቱም ወገኖች 127.0.0.1 እና 5432 ብለው ይመልሱላት ነበር።

ስለዚህ አድራሻ ማንነትን አያረጋግጥም። መለየት የሚችለው ሁለቱ የማይጋሩት ነገር ነው። ሰርቨሩ ሥራ የጀመረበትን ጊዜ መጠየቅ አንዱ መንገድ ነው፤ ማምሻውን የተከፈተ ላፕቶፕና ለወራት ሳይዘጋ የቈየ ሰርቨር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ሌላው በእያንዳንዱ ሰርቨር ቅንብር ውስጥ «ክላስተር ኔም» በተባለው ስፍራ የተለየ ስያሜ ማስፈርና ከመሰረዝ በፊት ያንን ማንበብ ነው። ከዚህም ሁሉ ጋር ፒኤስኪውኤል በነባሪ አሠራሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው እንደሚያጸድቅ መዘንጋት አይገባም። ተማሪዋ አስቀድማ «ቢጊን» ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ እንዳስደነገጣት «ሮልባክ» ብላ ሁሉን በመለሰችው ነበር።

ያለፈው ሌሊት የመጠባበቂያ ቅጂ አብዛኛውን መረጃ መለሰ። የዚያን ዕለት መጠይቆች ግን ከወረቀቱ ላይ አንድ በአንድ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ወረቀቶቹ ተጥለው ቢሆን ኖሮ፣ ጊዜያቸውን ሰውተው የመለሱ ሰዎች ቃል በዚያው ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ያም ሆኖ ያ ሌሊት አንድ ምሕረት ነበረው፤ ስሕተቱ ራሱን በቁጥር ገለጠ። የተገላቢጦሹ ስሕተት ግን ድምፅ የለውም። በሰርቨሩ ላይ ያለች መስሏት ካረጀው ቅጂ አማካይ ውጤት ብታሰላ፣ ምንም ነገር ሳይጠፋ የተሳሳተው አኃዝ ወደ ጥናቱ ሠንጠረዥ ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዋ ከእያንዳንዱ ውጤት በላይ የቋቱን ስም፣ የሰርቨሩን ስያሜና ስሌቱ የተሠራበትን ሰዓት ትጽፋለች። አንባቢ ስለ አኃዙ ሲጠይቅ፣ አኃዙ ከየት እንደ መጣ የሚመሰክረው ይኸው መስመር ነው።